ሦስተኛው ቁልቋል

ቁልቋል የታወቀ ነው፤ ሰው ላጥፋህ ብሎ ቢነሳበት እንኳ አልጠፋም ብሎ የሚሟገት ፍጥረት። ድንጋይ ላይ ይበቅላል፣ ዝናብ ሲቀርበት አይጮህም፣ ሰው ሲረሳው አይቀየምም። ታዲያ እንዲህ ያለው ተክል፣ አትላስ ጀርባ ባለች ጸጥተኛ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ሊሞት ነው ቢባል ማን ያምናል?

ተናኜ ራሷ አላመነችም። በሰኔ የመጨረሻዋ ቅዳሜ ጠዋት የሳሎኑን መጋረጃ ገልጣ ስታየው፣ ጡጫ የሚያክለው አረንጓዴ ድብልብል በአንድ ጎኑ ዘመም ብሏል። እሾሁን እየሸሸች ከሥሩ በኩል በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። እንደ በሰለ ፓፓያ ስርጉድ አለ።

«ደግሞ!» አለች ለራሷ።

እናቷ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ኪዳን አድርሰው መመለሳቸው ነበር፤ ነጠላቸውን እያጠፉ ነው።

«ምን ሆነ?» አሉ፣ ዘወር ሳይሉ።

«እየሞተብኝ ነው፣ እማዬ።»

«ቁልቋል የአጥር ነው። ቤት ሲያስገቡት መች ይወዳል?»

ይህን ብለው ነጠላቸውን ወደ ጓዳ ይዘው ገቡ። ተናኜን የከነከናት የካክተሱ መሞት ብቻ አይደለም፤ የእናቷ አለመገረም ጭምር ነው።

ተናኜ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ኦሎምፒያ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናት። ሃያ ዓመት የተረሳ ፋይል ከየት መደርደሪያ ሥር እንደወደቀ ስለምታውቅ ባልደረቦቿ «ተናኜ ካላገኘችው አልተጻፈም ማለት ነው» እያሉ ይቀልዱባታል። አባቷ የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ፤ ይህችን ቤት ሠርተው፣ የፊቱን በረንዳ ሳይጨርሱ አረፉ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው መስከረም ነው። ሩዋንዳ በሚሉት ሰፈር፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር፣ አንድ የችግኝ መሸጫ አለ። ተናኜ ከሥራ ስትመለስ ገባ አለችና «የማያስቸግር ነገር ስጠኝ፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው» አለችው ባለቤቱን።

ባለቤቱ በዳሳ ይባላል። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲያወራ እጁ ላይ ያለውን ሥራ አቁሞ የሚሰማ። የአያት የቅድመ አያቶቹ እርሻ ዛሬ ፎቅ በቆመበት ቦታ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ መሬት የቀረው የተከራየው የወንዝ ዳር ነው። አንድ ትንሽ ካክተስ አንስቶ ሰጣትና «ይሄን ለመግደል ጉልበት ያስፈልጋል» አላት።

ኅዳር ላይ ሞተ።

ሁለተኛውን ሰጣት። እሱም በጥር ሞተ። በየመካከሉ ግን ቅዳሜዎች ነበሩ። ስለ አፈር ልትጠይቅ ትሄዳለች፣ ስለ ፀሐይ ልትጠይቅ ትሄዳለች፣ ኋላማ የምትጠይቀው ሲያልቅባት ዝም ብላ ችግኝ ሲያዛውር ቆማ ታያለች። ከማሰሮው አንገት ላይ ደግሞ ሁልጊዜ በቀይ ክር የታሰረች የካርቶን ቁራጭ አትጠፋም። «በወር አንዴ። ከዚያ ካለፈ ይከፋዋል» ትላለች አንዷ። «አፈሩ ውስጥ ቀጭን እንጨት ሰክተሽ አውጪ። ጭቃ ይዞ ከወጣ ተይው። ደርቆ ከወጣም ሁለት ቀን ጠብቂ። መጠበቅ እንደምትችዪ አውቃለሁ» ትላለች ሌላዋ። ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል ተናኜ ታክሲ ውስጥ ደጋግማ እያነበበች መውረጃዋን አልፋ ታውቃለች።

ከፋሲካ በኋላ በዳሳ ሽማግሌ ላከ። አጎቱ አቶ ሆርዶፋ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በር አንኳኩ። በአገሩ ወግ እምቢ የሚል ወላጅ እንኳ ሽማግሌ አስቀምጦ፣ እህል አቅምሶ፣ «ዘመድ እንምከርበት» ብሎ ነው የሚመልሰው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ግን ከበሩ ላይ አላሳለፏቸውም። «ልጄ አትታጭም። ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳትደርሱ» አሉና ዘጉ።

ተናኜ ያን ቀን አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ለመነች። እናቷ ምክንያቱን አልነገሯትም። «ሆድ ይፍጀው» ብቻ። እሷም የጠረጠረችውን ጠረጠረች፦ የገበሬ ልጅ፣ አፈር ቆፋሪ፣ የማናውቀው ዘር። ከሀፍረቷ የተነሳ ወደ ወንዙ ዳር መሄዷን ተወች።

በሳምንቱ ሥራ ሳለች አንድ ባጃጅ ሦስተኛውን ካክተስ ቤት አድርሶ ሄደ። ማታ ገብታ ስታየው መጀመሪያ የፈለገችው ካርቶኗን ነው። ማሰሮውን አዟዟረች፣ ከሥር አየች፣ የላዩን ነጭ ጠጠር በጣቷ ገላለጠች። ምንም የለም። ክሩ እንኳ የለም። እንግዲህ ተቀይሟል፣ አለች፤ ዕቃውን ልኮ ቃሉን አስቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሰሮውን ባየች ቁጥር፣ ከእሾሁ ይልቅ ያቺ የጎደለች ቁራጭ ካርቶን ትወጋት ነበር።

* * *

የሆነው ሆኖ፣ የሚሞት ነገር ምክንያት ይሆናል። ያን ቅዳሜ ተናኜ ማሰሮውን በፌስታል ይዛ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ወንዙ ዳር ወረደች።

መጀመሪያ ያየቻት ኑራ ናት፤ ከመግቢያው ላይ ሸክላ ማሰሮ የምትሸጥ፣ ምላሷ የማያርፍ የሦስት ልጆች እናት።

«መጣች እንግዲህ! ዛሬስ ማንን ልንቀብር ነው?»

«ኑራ፣ ተይኝ እስቲ።»

«እኔማ ልተውሽ፤ ቁልቋሎቹ ናቸው የማይተዉሽ። ስምሽን ሲሰሙ ይንቀጠቀጣሉ ኮ! በዳሳ! ና፣ ደንበኛህ አስከሬን ይዛ መጥታለች!»

በዳሳ ከጥላው ሥር ቀና አለ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ፤ ተናኜ በደንብ አየችው። ደግሞ ዓይኑ ወደ እጇ፣ ወደ ፌስታሉ ወረደ፤ ያ ብልጭ ያለው ነገር ጠፋ።

«ይሄን ይዘሽ መጣሽ» አለ።

«ምን ይዤ ልምጣ ታዲያ?»

ጥቂት አያት። «ምንም» አለ። ከዚያ ተቀበላት።

ማሰሮውን ገልብጦ ሥሩን አወጣ። ሥሩ ቡናማ ሆኗል፤ በጣቶቹ መካከል እንደ ረጠበ ወረቀት ተበጣጠሰ። አፈሩን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ።

«ይሄ ውሃ የጠገበ ነው። አንድ ቀን አይደለም፤ ብዙ ቀን፣ በየቀኑ።»

«በወር አንዴ ነው የሰጠሁት። አንተ እንዳልከኝ።»

«አትዋሺም፤ አውቃለሁ።»

«እና?»

«እናማ አላውቅም» አለና የቢላውን ስለት በጨርቅ ጠረገ። የበሰበሰውን እየሸረፈ ንጹሕ አረንጓዴ ሥጋ እስኪያገኝ ቆረጠ። የቀረው የዕንቁላል ያህል ነበር። በደረቅ አሸዋና በደቃቅ ጠጠር ላይ አስቀመጠውና አንድ ቀጭን የቀርከሃ ስንጣሪ ከጎኑ ሰካ። «ቁስሉ እስኪደርቅ ዐሥር ቀን አንድ ጠብታ እንዳይነካው። ይቺን እንጨት እያወጣሽ እያት።»

«በዳሳ» አለች። ስለ ሽማግሌዎቹ ልትናገር ነበር። ስለ እናቷ፣ ስለ ሀፍረቷ፣ ስለ ስድስቱ ሳምንታት።

«ገብቶኛል፣ ተናኜ» አለ ቶሎ ብሎ፣ ጀርባውን እየሰጣት። «አላስቸግርሽም። ስለ ካክተሱ ከሆነ ግን በፈለግሽ ጊዜ።»

ተናኜ መንገዱ ላይ ወጥታ ታክሲ ስትጠብቅ ያ «ምንም» ያለው ቃል በጆሮዋ ተመላለሰ። ምን ገባው? ምኑ ነው የገባው? የማታውቀውን ጥያቄ በተሳሳተ መንገድ የመለሰች ያህል ተሰማት፤ ግን ጥያቄውን ማን ጠይቋት ያውቃል?

* * *

እሁድ ስንጣሪዋን አወጣቻት፤ ደረቅ። ሰኞ ማታ አወጣቻት፤ ጭቃ።

ተናኜ ለረጅም ጊዜ እንጨቷን እንደያዘች ቆመች። የተሰወረ ፋይል የገጠማት ይመስል የመዝገብ ቤት ሰውነቷ ነቃ። በዚያ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ወጥ ቤት ገብታ በርሜሉን አየች፤ ጠዋት በተወችበት ልክ ነው። ጀሪካኖቹን አነሳ አነሳ አደረገቻቸው፤ እንደተሞሉ ናቸው። ጣሪያው አያፈስም፤ መስኮቱ ዝግ ነው። ታዲያ ይህ ውሃ ከየት መጣ?

ማክሰኞም ጭቃ።

ረቡዕ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰደች። ጠዋት እንደወትሮዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ እናቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቃ ተመለሰች። የወጥ ቤቱን በር ገርበብ አድርጋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በገዛ ቤቷ ሌባ ጠባቂ መሆኗ ሳቅም አመጣባት፣ ፍርሃትም።

ሦስት ሰዓት ግድም እናቷ ገቡ። ጫማቸውን አወለቁ። ከነጠላቸው ሥር ትንሽ ሃይላንድ አወጡ፤ ውስጡ እስከ አንገቱ ውሃ አለ። ወደ መስኮቱ ሄደው ካክተሱ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው አማተቡ። ከዚያ በኩባያ ቀድተው ቀስ አድርገው ማፍሰስ ጀመሩ።

«ልቀቃት» አሉ። ድምፃቸው ተሰባበረ። «ልጄን ልቀቃት። አንድ ናት። ሌላ የለኝም።»

ተናኜ ይህን ድምፅ ከእናቷ የሰማችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አባቷ የተቀበሩ ዕለት። ልትጮህ ተነስታ ነበር፤ ጩኸቱን ትታ በሩን ከፈተች።

«እማዬ።»

ኩባያው ወለሉ ላይ ተንከባለለ። «አንቺ! ሥራ አልሄድሽም?»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጠበል ነው። ጠበል መስጠት ነውር ሆነ እንዴ?»

«ለካክተስ?»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለስምንት ወር የያዙት ነገር ከዚያ በላይ ሊያዝ አልቻለም።

«መጀመሪያማ ለክፋት አልነበረም። ቤቴ የገባ ነገር ሁሉ ጠበል ይረጫል። አባትሽ ይሄን ቴሌቪዥን ሲገዛ አልረጨሁም? ይሄንንም እንደሱ ጠዋት ጠዋት ረጨሁት። በሁለት ወሩ ሞተ! ደነገጥኩ። ሁለተኛውን አመጣሽ፤ እስቲ ልየው ብዬ ጨመር አደረግኩለት። እሱም ሞተ! መልካም ነገር፣ ተናኜ፣ ጠበል ሲነካው ይሞታል?»

«ካክተስ ኮ ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል! የቧንቧም ይሁን፣ የዝናብም ይሁን!»

«እንዴ! ተክል ውሃ ሲያገኝ ይሞታል ብለሽ ልታሳምኚኝ? በየትኛው አገር?» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «አንቺስ ራስሽ? መስኮት ላይ ቆመሽ ስታዋሪው ሰምቼሻለሁ። ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር እግርሽ መሬት አይነካም። በዚህ ዕድሜሽ ዘፈን ታንጎራጉሪያለሽ። ያ ሰውዬ በቁልቋል አስነክቶሻል እንጂ ሌላ ምን ልበል?»

«ወድጄ ነዋ!»

ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። ለራሷ አላለችውም፤ ለበዳሳም ብላው አታውቅም። ሳሎኑ ውስጥ፣ በጠራራ ጠዋት፣ ለእናቷ አለችው።

«ሰው ወድጄ ነዋ፣ እማዬ። እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ ስለሆነ ንቀሽው መስሎኝ፣ ስንት ቀን በሆዴ ስረግምሽ ከረምኩ።»

«ልንቀው?» ወይዘሮ ፀሐይነሽ ቀና አሉ፤ በእውነት የተገረሙት አሁን ነው። «እኔስ የማን ልጅ ነኝ? አባቴ ደብረ ማርቆስ በሬ ጠምዶ አይደል ያሳደገኝ? እኔ የፈራሁት ክታቡን ነው።»

«የምን ክታብ?»

እናትየው ተነሱ። መኝታ ቤት ገብተው ከሚካኤል ሥዕል ጀርባ አንድ ነገር አወጡ፤ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ጣት የሚያክል፣ ዙሪያውን በክር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ።

«ባጃጁ ያመጣው ቀን ማሰሮው አንገት ላይ ታስሮ አገኘሁት። ክታብ አይከፈትም፤ አልከፈትኩትም። ላቃጥለው ፈራሁ። ለሚካኤል አደራ ሰጠሁት።»

ተናኜ ክሩን አየችው። ቀይ ክር ነው። ላስቲኩን ፈታች። ወረቀቱ በእርሳስ የተጻፈ ነበር፤ ዝናብ እንዳያገኘው ነው የጠቀለለው። እናቷ ወደ ኋላ እየሸሹ አማተቡ። እሷ ጮክ ብላ አነበበች።

«ተናኜ፣ ስላልመጣሽ ላኩልሽ። አፈሩን ራሴ አበጥሬዋለሁ። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አስቀምጪው፤ በክረምት ጭራሽ ውሃ አያስፈልገውም። ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደተመለሱ ሰማሁ። ለአጎቴ እግር አዝኛለሁ፤ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። እናትሽን ግን እንዳትቆጫቸው። አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሰው በር ሲንኳኳ መደንገጧ አይቀርም። የእኔም እናት እንዲሁ ናት።

«አንድ ነገር ልለምንሽ። እስከ ዛሬ ወደ እኔ የመጣሽው የታመመ ነገር ይዘሽ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ምነው ቶሎ በሞተ ያልኩበት ቀንም አለ። አሁን ግን አንድ ቀን ምንም ሳትይዢ ነዪ፤ ባዶ እጅሽን። ያን ጊዜ ለእኔ ብለሽ እንደመጣሽ አውቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹን ዐሥር ጊዜ ቢመልሷቸው ዐሥር ጊዜ እልካለሁ። ካክተስ ይዘሽ ከመጣሽ ደግሞ ስለ ካክተሱ ብቻ እናወራለን። አላስቸግርሽም። በዳሳ።»

ውጭ የአንድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ጠፋ።

ተናኜ የቅዳሜውን ፌስታል አሰበች። ዓይኑ ወደ እጇ እንዴት እንደወረደ አሰበች። «ምን ይዤ ልምጣ ታዲያ?» ብላ ነበር ኮ! እሱም «ምንም» ብሎ ነግሯት ነበር።

«እናትሽን አትቆጫቸው አለ?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ ድምፃቸው ተለውጦ።

«አዎ።»

«እኔን?»

«አንቺን።»

«እስቲ እንደገና አንብቢልኝ። እሷን ብቻ።»

ተናኜ አነበበች። ስትጨርስ እናቷ ሁለቱን እጆቻቸውን በጉልበታቸው መካከል ጨምቀው፣ ጥፋቷ እንደታወቀባት ትንሽ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። በእናቷ ላይ የነበራት ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ ተናኜ ፈልጋ አላገኘችውም።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ክርክር ተነሳ።

«ይቅርታ ሊጠይቁ ባዶ እጅ ይኬዳል? ሰው ምን ይለኛል?» ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሌሊቱን የጋገሩትን ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለዋል።

«አንቺ ያዢ። እኔ ግን ምንም አልይዝም።»

«ቦርሳሽንስ?»

«ቦርሳዬንም።»

«ደመናው ጠቁሯል ኮ! ጃንጥላ—»

«እማዬ! ጃንጥላም አልይዝም አልኩሽ!»

ሩዋንዳ ከታክሲ እንደወረዱ ዝናቡ ለቀቀው። እናት በጃንጥላቸው ሥር ዳቦውን አቅፈው፣ ልጅ ደግሞ እጆቿን ዘርግታ፣ ጠጉሯ ከፊቷ ተለጥፎ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ። ኑራ ከሸራዋ ሥር አየቻቸው።

«ዛሬስ አስከሬኑ የታለ?»

ተናኜ አልፋት ወረደች። ኑራ ባዶ እጆቿን አየች፤ ከኋላ የሚመጡትን እናት አየች፤ ሸክላዎቿን ትታ ተከተለቻቸው።

በዳሳ ችግኝ በሚያፈላበት የላስቲክ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ያየው ፊቷን አይደለም። እጆቿን ነው ያየው፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን፣ ያላየው ነገር ይኖር እንደሆነ እንደሚያጣራ ሰው ደግሞ ግራውን። ቀጥሎ ዓይኖቹን ቀስ ብሎ ወደ ዓይኖቿ አነሳ። ተናኜ ልታስረዳው ያሰናዳችው ሁሉ፣ ጠበሉም፣ ክታቡም፣ ሚካኤልም፣ በዚያ አስተያየት ፊት ቃል አልሆን አላት።

«ደብዳቤህን ያነበብኩት ረቡዕ ነው» ብቻ አለች። «የዛሬ ሦስት ቀን።»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ዳቦውን ለልጃቸው ሊሰጡ ዘወር አሉ፤ ትዝ ሲላቸው ለኑራ አስያዟት። ከዚያ እኚያ የመምሪያ ኃላፊ ሚስት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያሳልፋቸው ሴት፣ ጭቃው ላይ ወደ በዳሳ እግር ጎንበስ አሉ።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ። መተተኛ ብዬሃለሁ። ቃልህን ከልጄ ደብቄያለሁ። ሽማግሌ ከደጄ መልሻለሁ።»

«እንዴ! እማማ! ኧረ በእግዚአብሔር!» ጉልበታቸው መሬት ሳይነካ በሁለት እጁ ያዛቸው። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ይነሡ እባክዎ፤ ይነሡ።»

«ልጄን መተተኛ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

ድምፁ የመጣው ከላስቲኩ ቤት ውስጥ ነው። አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ እጃቸው በአፈር እንደተለወሰ፣ ብቅ አሉ። እማማ ደሪቱ፣ የበዳሳ እናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ችግኝ ለመልቀም የሚመጡት። ወይዘሮ ፀሐይነሽን ከራስ እስከ እግር አዩዋቸው። ከደጅ የተመለሱት አቶ ሆርዶፋ የእኚህ ሴት ወንድም ናቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ።

«ለምን?»

«ቁልቋሉን ጠበል ስሰጠው ሞተ። ሦስት ጊዜ።»

እማማ ደሪቱ አፈራም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተናኜ የሚያለቅሱ መሰላት።

«ያ ዋቃ!» አሉ፣ ሳቁ ሲለቃቸው። «ያ ዋቃ! አምላኬ! እኔስ? እኔስ ልጄን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ ጠበል ሳጠጣው አልከረምኩም?»

«ምነው? ታሞ ነው?»

«ልጅዎ አስነክታዋለች ብዬ ነዋ! አርባ ሁለት ዓመት ሴት ቀና ብሎ ያላየ ልጅ፣ የሞተ ቁልቋል ይዛ ለምትመጣ ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ጢሙን ይላጫል! ሽማግሌው ተመልሶበትም ቅዳሜ ሲሆን ይላጫል! ይሄ ደህና ነገር ነው?»

«እሱ ግን አልበሰበሰም» አለች ኑራ፣ ዳቦውን እንዳቀፈች።

ሁለቱ እናቶች ተያዩ። መጀመሪያ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሳቁ፤ ከባላቸው ቀብር ወዲህ ተናኜ ያልሰማችው ሳቅ ነበር፤ መካከሉ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ እማማ ደሪቱ በአፈራም እጃቸው ትከሻቸውን አቅፈው ወደ ጥላው አስገቧቸው።

«የወንድምዎን እግር እኔ በእጄ አጥባለሁ» ሲሉ ተሰሙ ወይዘሮ ፀሐይነሽ። «የዛሬ ሳምንት እሁድ። ወንበር አሰናድቼ፣ በሩን ከፍቼ እጠብቃለሁ።»

«ይመጣል፤ ይመጣል። አሁን ፊትሽን ጥረጊ» አሉ እማማ ደሪቱ፤ «እርስዎ» ማለቱ በዚያው ቀረ።

ዝናቡ አባርቷል። በዳሳና ተናኜ ብቻቸውን ቆመዋል፤ በመካከላቸው ማሰሮ የለ፣ ፌስታል የለ፣ የሚያወሩለት ሕመምተኛ የለ። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋባት።

«እናትህ ጠበሉን ለምን እንደምትሰጥህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅህ ጠጣህ?»

እንደልማዱ ጥያቄው ውስጡ እስኪደርስ ጠበቀ።

«መጀመሪያ እሷን ደስ ይበላት ብዬ ነው። ኋላ ግን ቅዳሜ አለፈ፣ ሌላ ቅዳሜ አለፈ፤ አልመጣሽም። ያን ጊዜ ከልቤ ጠጣሁት። እባክህ ይልቀቀኝ እያልኩ። አርባ ቀን።»

«እና?»

«አልለቀቀኝም» አለ በዳሳ። «ባሰብኝ። እንግዲህ ይሄ ከእሱ ከእግዚአብሔር ነው አልኩና መጠጣቱን ተውኩ።»

ተናኜ ቀና ብላ አየችው። ዓመታት ሙሉ የሌላውን ሰው ወረቀት ስትፈልግ የኖረች ሴት፣ እሷን ሲፈልግ የኖረ ሰው እንዳለ ያን ጊዜ ገባት፤ ባዶውን እጇን አንስታ፣ ገና በዝናብ እንደረጠበ፣ በእጁ ውስጥ አስቀመጠችው።